ሜዳ የቀየርን ዕለት

በዚያ ጠዋት ሜዳው ላይ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የቡድናችን ኳስ አንሺ። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን፣ ሰውነቱም ድምፁም ከሁላችን የሚበልጥ፣ መቺያችን። ባጃጅ ነጂው፣ የባጃጁን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚጫወት። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ፣ የሱብሂ ሶላቱን ሰግዶ በቀጥታ ስለሚመጣ ከሁላችን ቀድሞ የሚደርስ። ከጉብሬ በሚኒባስ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እኔ፣ ስልክ ጠጋኙ። ከመረቡ ማዶ ደግሞ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገቡ ስድስት የሰፈራችን ልጆች፣ ከእነሱም አንዱ የጋሼ ልጅ። ስም ያልጻፍኩት ማንንም ስላላስፈቀድኩ ነው። ያነበበ ራሱን ያውቃል።

ሜዳው ወልቂጤ ውስጥ ከእድራችን ዕቃ ቤት ጀርባ ነው። መሬቱ የእድሩ ስለሆነ ሰው ሲሞት ድንኳኑ እዚያው ይተከላል፤ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ጨዋታ የለም። ቀድሞ ሜዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር። በሲባጎና በውኃ ልክ እየለኩ፣ በአካፋ ከወዲህ እየቆረጡ ወዲያ እየሞሉ ያስተካከሉት ጋሼ ናቸው። የመረቡን ቋሚዎችም ሲሚንቶ በተሞላባቸው አሮጌ ጎማዎች ውስጥ ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

መረብ ኳስ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሱቄ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ የተጫዋቾችን ቪዲዮ ፍጥነቱን ቀንሼ እያየሁ ነው የለመድኩት። ብቻውን የሚማር ሰው የሚሳሳተውን ሁሉ ተሳስቻለሁ። ትልቁ ስህተት መምታትን አስቀድሞ መማር ነው። ለወራት ስዘልና ስመታ ቆይቼ አንድ ቀን ጋሼ ጠሩኝና «እጅህ ጥሩ ነው፤ እግርህ ግን የለም» አሉኝ። ኳስን በእጅ ማሳደድ ትቶ በእግር ቀድሞ ከሥሯ መድረስ፣ ጉልበትን አጥፎ ክንድን ሳያወዛውዙ ማቀበል። ይህን ብቻ አንድ ክረምት ሙሉ አሠሩኝ። አሁን ለመዝናናት መጫወት ለሚፈልግ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ማቀበል የማይችሉ ስድስት ሰዎች ኳስ እየለቀሙ ይውላሉ እንጂ አይጫወቱም።

አንሺ ማለት ሌላው ያቀበለውን ኳስ ከመረቡ አጠገብ ሆኖ በጣቶቹ ከፍ አድርጎ ለመቺው የሚያመቻች ነው። የሚጨበጨበው ለመቺው ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው ግን አንሺው ነው። ስድስት ስለሆንን በየጠዋቱ ሦስት ለሦስት ነበር የምንጫወተው። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቆሙት በምሥራቁ በኩል፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ነው። ማንም ያዘዘው አልነበረም። ለትልቅ ሰው ወንበር እንደሚለቀቅ የሚመቸው ወገን ለእሳቸው ይለቀቅ ነበር፤ ዓይናችንን እያጨናበስን ከፀሐዩ ጋር የምንታገለው እኛ ወጣቶቹ ነበርን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሰፈሩ ሰው ሞተ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ተነሳ። ወደ ሜዳው ስንመለስ አንድ ካስማ ሳይነቀል ቀርቶ ነበር፤ ሜዳው መሀል ጉልበት ሥር የሚደርስ ብረት። ሁላችንም እያለፍነው ገባን። ጋሼ በቀጥታ ሄደው መቱትና በግንባራቸው ተደፉ።

«ጋሼ፣ መሬቱን እየለኩ ነው?» አለ ሥጋ ሻጩ። ሳቅን። እሳቸውም እየተነሱ ሳቁ። እኔ ግን ካስማው ከእግራቸው በስተግራ እንደነበር ልብ አልኩ። ከዚያ በኋላ እያየሁ ነበር የምጫወተው። ከፍ ብሎ ከፊታቸው የሚመጣ ኳስ አይስቱም። ዝቅ ብሎ ከጎን የሚመጣውን ግን አይሞክሩትም፤ «የአንተ ነው» ይላሉ። እንደ ጨዋነት ነበር የምንቆጥረው።

ነገሩ የገባኝ ስልካቸውን ሲያመጡልኝ ነው። በጆሮ በኩል አይሰማም፣ በውጭ ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚሠራው። ጠረጴዛዬ ላይ እያለ ልጃቸው ደወለና ንግግራቸውን ሳልፈልግ ሰማሁ።

«አባዬ፣ የዓይን ጠብታው አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል። ከዳር የጠፋው እይታ አይመለስም ነው ያለው። ብቻህን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን...»

«ጠዋት ጠዋት ኳስ የሚጫወት ሰው ነው ብቻውን የምትለው?»

«አሁንም ትጫወታለህ?»

«ለመስቀል ስትመጣ ታያለህ።»

«እሺ። መስቀል ላይ አያለሁ። ከተጫወትክ ሁለተኛ አላነሳብህም። ካልቻልክ ግን አብረን ነው የምንመለሰው። ክፍልህን አዘጋጅተናል።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስተኛ ፎቅ» አሉ። «ከሥሩ መሬት የሌለው ቤት። ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«እና ምን ትላለህ?»

«ከፍ አድርገን እናቀብልዎታለን።»

«ምን ያህል ከፍ?» አሉ። ምሬት አልነበረበትም፤ ልኩን ፈልገው ነው።

በየዓመቱ ለመስቀል አዲስ አበባ ያሉት ሲገቡ እነሱና እዚህ የቀረነው እንጋጠማለን። ልጃቸው የሚያያቸው ያን ጊዜ ነው። ለሌሎቹ እንድነግር ፈቀዱልኝ፤ «ለሥጋ ሻጩ ግን ቀስ ብለህ፣ ከተማው ይሰማል» አሉ። የሚነገር ነገር አልነበረም። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ «ጠብታውን የምሸጥላቸው እኔ ነኝ፤ ወላሂ ለሚስቴም አልተናገርኩም» አለኝ። ሥጋ ሻጩም ከካስማው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ሳቅህ?» ስለው «ባልስቅ ይታወቅባቸው ነበራ!» አለ።

ከዚያ ያደረግነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቅብብል ሁልጊዜ የመረቡን እጥፍ ከፍ ብሎ ወደ አንድ ቦታ ይሂድ አልን፤ ቦታውን ለማወቅ ጋሼ በመረቡ ላይ ቀይ የላስቲክ ገመድ አሰሩ። አቀባዩ «መጣ!» ብሎ ይጮሃል። መቺው «እዚህ!» ይላል። በጋሼ ግራ ማንም አይሮጥም። ዝቅ ያለ ኳስ የባጃጅ ነጂው ነው።

የገረመኝ፣ በዚህ የተነሳ ሁላችንም መሻላችን ነው። ቅብብላችን ተስተካከለ። እየተጠራራን ስለምንጫወት መጋጨት ቀረ። ድሮ ሦስተኛው ንክኪ ላይ የማይደርስ ኳስ አሁን መረቡን ያልፋል። መሻሻል ለሚፈልግ የጓደኞች ቡድን ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፤ ከመካከላችሁ በጣም ለሚቸገረው ሰው በሚመች መንገድ ተጫወቱ። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ይማርበታል። ሲደክማችሁ ሳይሆን ገና ሳይደክማችሁ አቁሙ። ጭቃ ላይ አትዝለሉ። ስትሳሳቱ አንዱ ሌላውን አይሳደብ። ይህን ሁሉ በዚያ ሰሞን ተምረናል፤ ደስም ብሎን ነበር። ከደስታው ሥር ግን ፍርሃት ነበር፤ ሁላችንም የምናስበው ስለ አንድ ሰው ዓይን ነው።

የግጥሚያው ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ለሳምንታት የነበረው ጉም አንዴ ተገፎ፣ ሣሩ ላይ ጤዛ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ በላይ ፀሐይ ብቻ። የአዲስ አበባዎቹ በአዳዲስ ጫማ መጡ። የጋሼ ልጅ አባቱን ሳመና ፊታቸውን ሲያጠና ቆየ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው በምሥራቁ በኩል ቆሙ፤ እንግዶቹም ለትልቅ ሰው ብለው ለቀቁላቸው።

የመጀመሪያው ዙር የእኛ ነበር። «መጣ!» «እዚህ!» እንባባላለን፤ ኳሷ ከቀዩ ገመድ በላይ ትወጣለች፣ የጋሼ ጣቶች ያገኟታል፣ ሥጋ ሻጩ ይወርድባታል። «ይኼ የሚቀጥለው ለኪሎ ነው ወይስ ለግማሽ?» እያለ ይጮህባቸዋል። ልጁ አንድ ጊዜ ኳስ ሊለቅም ሲሄድ በአጠገቤ አለፈና «እውነትም ይጫወታል» አለ። እኔን አልነበረም ያናገረው።

ዙሩን አሸነፍን። ውኃ ጠጣን። ከወዲያ አንዱ «በሉ ሜዳ ቀይሩ!» አለ።

ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ሁልጊዜ እንደሚደረገው በመረቡ ሥር አለፍን። ጋሼ ሲያልፉ መረቡን በእጃቸው ነኩት፤ ገመዱን ፈልገው ነበር፣ አሁን በተቃራኒው እጅ በኩል ሆኖባቸዋል። ቦታዬን ይዤ ቀና ስል ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እኔ የለመድኩት ነው። እሳቸው በዚያ ሜዳ ላይ ፀሐይን ፊት ለፊት አይተው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ኳስ ወደ እኔ መጣ። በሕይወቴ ካቀበልኳቸው ሁሉ የተስተካከለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከፍ፣ በትክክል ወደ ገመዱ። «መጣ!» አልኩ። ጋሼ ቀና አሉ፣ እጃቸውን አነሱ፣ ኳሷ ትከሻቸውን መትታ ከኋላቸው ወደቀች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ያ ሁሉ ከፍ አድርጎ ማቀበል ዓይናቸውን በቀጥታ ወደ ፀሐዩ ይመራው ነበር።

«ዝቅ አድርጉ!» አለ ሥጋ ሻጩ። ዝቅ አደረግን። ዝቅ ያለውን ደግሞ ቀድሞም አያዩትም። ኮፍያውን አውልቆ ሰጣቸው፤ አደረጉት፤ ምንም አልለወጠም።

ከማዶ «ምነው ግሬደሩ ቆመ! ናፍጣ አለቀ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ። የጋሼ ልጅም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ሰርቭ፣ ጨዋታውን የመጀመር ተራ፣ የእሱ ነበር። ኳሷን ይዞ ትንሽ ቆየና ከታች ወደ ላይ፣ ለልጅ እንደሚሰጥ አድርጎ፣ በቀስታ ወደ አባቱ ላካት። ኳሷ ከጋሼ በስተግራ ወደቀች፣ ነጠረች፣ ከእግራቸው አጠገብ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። አልተንቀሳቀሱም።

ልጁ በመረቡ ሥር አልፎ መጣ።

«አባዬ፣ ኳሷ የት ናት?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐዩን ተወው። ኳሷ የት ናት?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ተማሪው፣ ከዚያም ወደ መረቡ አዞሩ።

«ወጥታለች» አሉ።

ማንም አላጎነበሰም። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ኳሷን አንስቶ በአባቱ እጅ አስያዛቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ትንሽ ዳበሷት። «እሺ» አሉ። ጨዋታው እዚያ ላይ ቀረ።

ልጁን ክፉ አድርጌ አልጻፍኩትም፤ ክፉ አልነበረም። በዓሉ እንዳለፈ መኪና አምጥቶ ዕቃቸውን ጫነ። ሲሄዱ ጋሼ ሱቄ በር ላይ አስቆሙት፤ መረቡን ጠቅልለው ይዘው ነበር፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሜዳ መቀየር ረሳን» አሉ።

«ረሳን፣ ጋሼ።»

«ልኩ ግን ትክክል ነበር። ሜዳው።»

«ትክክል ነበር።»

አሁን አምስት ሆነን እንጫወታለን፤ ተማሪው ነው የሚያነሳው። ጥቂት ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ወገን እንቀያየራለን፤ ለማንም በዕድሜው ቦታ አይለቀቅለትም። ፀሐይ ሲገጥማችሁ ኳሷን በቀጥታ ሳይሆን ከጎኗ ተመልከቱ፤ አንዱን እጅ ቀድማችሁ አንሱና በጥላው ውስጥ ጠብቋት፤ አቀባዩም ኳሷን ከፀሐዩ መስመር ወደ ጎን ያውጣት። ሠርተን አይተነዋል፤ ይሠራል። ያኔ ብናውቀው ይበቃቸው ነበር ወይ የሚለውን አላውቅም።

ጋሼ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። ስለ ዓይናቸው አያነሱም። የሚያወሩኝ ስለ ሕንፃው ደረጃ ነው፤ አራተኛዋ ደረጃ ከሌሎቹ ከፍ እንደምትልና ግንበኛው ውኃ ልክ እንዳልያዘ። ከዚያ ሌላ የሚጫወቱት ነገር የለም።

ይህን የጻፍኩት ከነበርኩበት ቦታ ሆኜ ባየሁት ልክ ነው፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ የጋሼን ፊት አላየሁም። እዚያ የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። ሥጋ ሻጩ፣ ኮፍያውን ስትሰጣቸው በጆሮህ የሆነ ነገር ነገሩህ፤ ምን ነበር? የማዶዎቹ፣ ፊት ለፊት የቆማችሁት፣ ዓይናቸው ወዴት ነበር? ከሁሉ በላይ ባጃጅ ነጂውን ነው የምጠይቀው፤ በግራቸው የቆምከው አንተ ነህ። ኳሷ አጠገባቸው ስትቆም ሣሩ ላይ ድምፅ አሰምታለች። «ወጥታለች» ሲሉ የእውነት የት እንዳለች አያውቁም ነበር? ወይስ ሰምተዋት ነው፣ በቃኝ ብለው? ሱቁ ክፍት ነው። የምታስታውሱትን ይዛችሁ ኑ።