በቅዱሳን ስም የታሰሩ ሽቦዎች

ሀብተ ሚካኤል በሕይወቱ ብዙ አልዋሸም፤ ይቺን አንዷን ግን በስልክ ዋሸ። ከጎንደር የደወለችለት መሐንዲስ «ጋሼ፣ የፓኔሉ ሥዕል አለ አይደል?» ብትለው፣ «እንዴታ! አለ እንጂ!» አለና ዘጋው። ከዘጋው በኋላ ስልኩ ላይ አፈጠጠ፣ ጥፋቱ የስልኩ ይመስል። የትኛዋ ሽቦ የት እንደምትታሰር የሚያሳይ ሥዕል የሚባል ነገር የለም። ከነበረም፣ በ1990 ዓ.ም. ማሽኑ ከምፅዋ ተጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣ ነፋስ ወስዶታል።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ያለው የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዱቄት ፋብሪካ የሚታዘዘው ፓኔል ከሚባል አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን ነው። ከየሞተሩና ከየማብሪያው የሚመጡት ሽቦዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ፣ ተርሚናል በሚባሉ ባለ ብሎን ማሰሪያዎች ላይ ይታሰራሉ። ማሰሪያዎቹ አርጅተዋል። ካቻቪቴ ሲነካቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራሉ፤ መለዋወጫቸውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ይቀየሩ ተባለ፤ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ቅዳሜን ብቻ፣ ያውም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈቀዱ። ከዳባት የመጣው ስንዴ ግቢውን ሞልቶት ነበርና ከዚያ በላይ ወፍጮው ቆሞ ማየት አልፈለጉም።

የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «ሀብቴ ያውቀዋል» ሲባል ኖሯል፤ «ለካ አያውቅም ኖሯል» ተብሎ መሸኘት አልፈለገም። ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ያውቀዋል። የሚያውቅበት መንገድ ነው ለመሐንዲስ የማይነገረው። በልጅነቱ ደረስጌ ማርያም የቄስ ትምህርት ተምሯል፤ ወደ ፋብሪካው የገባውም በጆንያ ተሸካሚነት ነው። ኤሌክትሪክን የተማረው እያየና እየነዘረው ነው። ሽቦዎቹ ላይ የነበረው የፈረንጅ ጽሑፍ ገና በመጀመሪያው ክረምት ረግፎ ሲያልቅ፣ እሱ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠራቸውና በወሩ ቀኖች ሰየማቸው። አንደኛዋ ልደታ፣ አምስተኛዋ አቦ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ሚካኤል እያለ ሠላሳ ደረሰ። ሠላሳው ሲያልቅ ጳጉሜን ቀጠለበት። ሥራዋን ያወቀላትን ሽቦ ሁሉ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አሰረላት፤ ማተቧ ነው። አንድ ቀን ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ «ገብርኤል ላልቷል! ጊዮርጊስን ግን አትንኩት፣ ይነዝራል!» ብሎ ሲጮህ አንድ ለማስፈጨት የመጡ ቄስ ሰምተው ሊገዝቱት ነበር አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መሐንዲሷ የትናየት ከጎንደር መጣች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ቱታ ለብሳለች፣ አዳዲሶቹን ተርሚናሎች በካርቶን ይዛለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ሥዕሉን ይስጡኝና እንጀምር።»

ሀብተ ሚካኤል ጣቱን አንስቶ ግንባሩን ነካ። «ይኸውልሽ።»

የትናየት አየችው። ይስቃሉ ብሎ ከፈራቸው ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ የፈራው እሷን ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። «እንግዲያው ያንብቡልኝ።»

«ልደታ፣ የትልቁ ወፍጮ ማስነሻ። አቦ፣ የማራገቢያው። ሚካኤል፣ የወንፊቱ ሞተር...»

«ቁጥሩን ቢነግሩኝ አይሻልም?»

«ቁጥሩንማ እየነገርኩሽ! ሚካኤል በስንት ነው የሚውለው?»

«በአሥራ ሁለት።»

«ታዲያ!»

ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሥራው ተጀመረ። እሱ ስሟን ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከአሮጌው ፈትታ አዲሱ ላይ ታስራለች። ማርያም ላይ ሲደርሱ ሀብተ ሚካኤል ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማርያም የማቆሚያው ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ጳጉሜን ጨረሱ።

«ይቺስ?» አለች የትናየት፣ ከጥግ የቀረች አንዲት ሽቦ ይዛ።

«እሷ ትርፍ ናት። ማተብ እንኳ የላትም፣ አታይም? ሥራ ቢኖራት አስርላት ነበር።»

የትናየት ጫፏን በፕላስተር ጠቅልላ ወደ ኋላ ሸጎጠቻት።

አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ተሸካሚዎቹም ተሰበሰቡ። ሀብተ ሚካኤል ኃይሉን መለሰ፤ የትናየት አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። አሁንም ዝም። ከውጭ ሊማሊሞን የወጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ፤ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

ኃይሉ እንደገና ተዘጋ። የትናየት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፣ ቴስተሯን ይዛ ከላይ እስከ ታች ወረደች። ምንም አላገኘችም። ፊቷ ቀልቶ ወደ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዞረች።

«የእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም እትዬ። የሆነ ቦታ አሳስቼ አስሬ ይሆናል። ሁሉንም ፈትቼ ነገ እንደገና...»

«እኔ እኮ ልምድ ያለው ሰው ላኩልኝ ብዬ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

ሀብተ ሚካኤል ደስ አለው። ለአንዲት ደቂቃ ያህል፣ ክፉ ደስታ። ጥፋቱ የልጅቱ ከሆነ የእሱ ስም አልተነካም ማለት ነው። ከዚያ ልጅቱን አየ፤ ቴስተሯን አስቀምጣ ደብተሯን ከልደታ ጀምራ እንደገና ታነባለች። ሥዕል የላችሁም ብላ ጥላው መሄድ የምትችል ልጅ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የእሱን ቃል የጻፈች ልጅ። በራሱ አፈረ።

ዓይኑን ጨፍኖ ከልደታ ጀምሮ ቆጠረ። ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እዚያ ላይ የደረስጌው የኔታ ድምፅ መጣበት፤ ባሕረ ሐሳብ ሲያስቆጥሩት ሁልጊዜ በአርጩሜ የሚያስታውሱት ነገር ነበር። «በዘመነ ሉቃስስ ስንት ናት?»

ስድስት።

ማተቦቹን ያሰረው በዘመነ ማርቆስ ነው፤ ጳጉሜ አምስት ብቻ ነበረች። የቀረችውን ሽቦ፣ ሥራዋን እያወቀ ስም የሚሆናት ቀን ስላጣ፣ «አንቺን ሉቃስ ሲመጣ» ብሎ ቀልዶባት ሳጥኑን ዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሉቃስ ሰባት ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

«እትዬ ዘርፌ፣ ልጅቱን ይተዉአት» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ትርፍ ናት ብዬ ያስጣልኳት ሽቦ የስንዴ ማንሻው ክዳን ናት። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ማሽኑ እንዳይነሳ የምትጠብቀው እሷ ናት። አሁን ማሽኑ ክዳኑ የተከፈተ መስሎታል። ሥዕል አለ ብዬም ዋሽቻለሁ፤ ኖሮም አያውቅ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አፋቸውን ያዙ። «ሃያ ሰባት ዓመት ያለ ሥዕል ነው ወይ የነዳኸው?»

 የትናየት ሽቦዋን ከተሸጎጠችበት ስባ አወጣች፣ ፕላስተሯን ላጠች፣ አሰረቻት። ሩብ ጉዳይ ለአሥራ አንድ ላይ ወፍጮው ተነሳ፤ ከጣሪያው የረገፈው ዱቄት የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ነጠላ የባሰ ነጭ አደረገው።

የሀብተ ሚካኤል የመጨረሻ ሳምንት ላይ የትናየት ከጎንደር የላከችው አንድ ጥቅል በአውቶብስ መጣ። የፓኔሉ ሥዕል ነው፤ በኮምፒውተር ተሠርቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኗል። ከየቁጥሩ አጠገብ ስሙ በአማርኛ ተጽፏል፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጳጉሜዎቹም በተራቸው። ሠላሳ ስድስተኛው መስመር ላይ ግን ጳጉሜ ስድስት አላለችም። «ሀብተ ሚካኤል» ብላለች።

ወዲያው ደወለላት። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? እኔ ከቅዱሳን መሃል ምን አጣሁ? አጥፊው!»

«ታትሟል እኮ ጋሼ» አለችው፤ እየሳቀች ነበር።

ስልኩን ዘግቶ ሥዕሉን ከሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈው። አንዴ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ዱቄት ገባብኝ ብሎ ጠረገው። ከዚያ ወፍጮውን አስቁሞ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ከኪሱ ጥቁር ክር አወጣና ለሠላሳ ስድስተኛዋ ሽቦ አንገቷ ላይ አሰረላት። ሁለቴ ሳብ አድርጎ መጥበቋን አየና ሳጥኑን ዘጋ።