እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ተኩስ

ባለቤቴ በያጅ ነው። የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። የሥራ ጓደኞቹ «ፍንጣሪ» ይሉታል፤ ከብየዳ ላይ እንደሚዘለው ፍንጣሪ አንድ ቦታ አያርፍም ለማለት ነው። ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል። ስንጋባ «ልጅ ሲወልድ ይሰክናል» ብለውኝ ነበር። ይኸው ልጃችን ሁለት ዓመት ተኩል ሞላት፤ የሰከነ ነገር የለም።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ የጀመረውን ሲጋራ የተወው በእሷ ምክንያት ነው። ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረና በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሟ የሚነፋላትን መድኃኒት ከጻፈችልን በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» አለች።

«እኔ ውጭ ነው የማጨሰው» አላት።

«ልብስዎ ግን አብሮዎት ይገባል» አለችው።

እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ ፓኬቱን ጨምድዶ ጣለው። እኔም ተገላገልን አልኩ። ሲጋራ መተው ማለት ፓኬት መጣል ይመስለኝ ነበር።

ሐራራው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፤ ያልላላ ብሎን ያጠብቃል። የልጅቷን አልጋ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ገጠመው። «ሰውዬ፣ ቤቱን በሙሉ ሳትፈታው ሌላ ሥራ ፈልግ!» አልኩት። ሆስፒታል ያለችው ነርስ፣ ሐራራ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ካታለሉት ይመለሳል ብላኝ ነበር። ግን ያንን አሥር ደቂቃ እጁን የት ያድርገው?

መላ ያመጣው ቀቢው ነው። ባለቤቴ የሠራውን በር ቀለም የሚቀባ፣ አብሮ አደጉ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤት መጥቶ ስልኩ ላይ የድሮ የተኩስ ጨዋታ ጫነለት። ተማሪ ሳሉ ጌም ቤት ተሰልፈው በኮምፒውተር የሚጫወቱት ነው አሉኝ። ከፊትህ የጠመንጃህ አፈሙዝ ብቻ እየታየህ፣ በጨለማ ኮሪደር እየሮጥክ ጭራቅ ትገድላለህ። ቀይ ቁልፍ ፈልገህ ቀዩን በር ትከፍታለህ፤ መውጫውን ካገኘህ ወደሚቀጥለው ሌቭል ታልፋለህ። አንዱ ሌቭል ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው።

«ፍንጣሪ እኮ የሰፈሩ ንጉሥ ነበር!» አለኝ ቀቢው። «ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጨርሰው።»

«እስቲ ገልጦ ያሳየን» አልኩ።

አላሳየንም። ኮምፒውተር ላይ ጣት የሚያርፍበት ቁልፍ ነበረ፤ ስልክ ላይ ያለው ልሙጥ መስታወት ነው። በግራ አውራ ጣትህ አንዲት ክብ እየገፋህ ትሄዳለህ፤ በቀኝህ ታነጣጥራለህ፣ ትተኩሳለህ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ደግሞ ግማሹን ስክሪን ይጋርዱታል፤ ጭራቁ ከጣትህ ሥር ቆሞ ይበላሃል። በዚህ ላይ የባለቤቴ ግራ አውራ ጣት በብየዳ ስንቴ ተቃጥሎ ስንቴ እንደዳነ እሱም አያውቅም፤ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ሲጫነው መስታወቱ አይሰማውም። ጀግናው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጣቱን በምላሱ አረጠበው፣ በሱሪው ጠረገው፣ ቅባት ቀባው። ወይ ፍንክች!

«ይኼ ስልክ ሰው አይደለህም እያለኝ ነው!» ሶፋው ላይ ወርውሮት ተነሳ። ጃኬቱን ሲያነሳ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ኪዮስክ ሲጋራ በነጠላ ትሸጣለች።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። «ና ቁጭ በል» አልኩት። «እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ተኩስ።»

እንዲህ ተጀመረ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ስልኩን በግራ እኔ፣ በቀኝ እሱ ይዘን። የእኔ አውራ ጣት ያስኬዳል፣ የእሱ ያነጣጥራል። በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንደሞትን አትጠይቁኝ።

«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በይ!»

«ኋላ ግድግዳ ነው!»

«ወደ ጎን ነዋ ታዲያ! ሴትዮ፣ እሳት ውስጥ ከተትሽኝ እኮ!»

«አንተ ነህ በሩን በሩን የምታየው! ብየዳውን ልትፈትሽ ነው?»

አማቴ ልጅ ሊይዙልን መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመው አዩን። «ሁለት ሰው ለአንድ ስልክ! ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል እንዲህ ነው እንዴ?» ከዚያ ልጅቷን አቅፈው «ነይ የኔ እመቤት፣ አባትና እናትሽ ጦር ሜዳ ናቸው» አሏት።

ቀልድ ቢመስልም ሠራ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ከእሱ ወርክሾፕ ሁለት መንገድ ብቻ ይለየናል። ሐራራው ሲነሳበት ይደውልና «ስንት ሰው አለ?» ይላል። ሰው ከሌለ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ይመጣል፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመን አንድ ሌቭል እንሮጣለን። አንድ ቀን መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ሽማግሌ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። «ልጄ፣ በቀኝሽ አንድ አለልሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

እሱ እየረጋ ሲሄድ እኔ መቅበጥበጥ ጀመርኩ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ዕቃ ሳጥብ የግራ አውራ ጣቴ ሳህኑ ላይ ይሄዳል። እኔ ያልተመቸኝ ቀንስ ማን ያስኬደዋል?

ያ ቀን ሲጋራ በተወ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ትምህርት የሚከፈትበት ሰሞን ስለነበር ወረፋው በር አልፎ ወጥቷል። ሦስት ጊዜ ደወለ። ሁለቱን አላነሳሁም፤ በሦስተኛው «ሰው አለ፣ ትንሽ ቆይ» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ አልደወለም። አለመደወሉ ከመደወሉ ባሰብኝ። ወረቀት ገልብጬ አስገባሁ፤ የአንዷን ሰርተፊኬት ለሌላዋ ሰጥቼ ተሰደብኩ። ወረፋው እንዳለቀ ዘግቼ ሮጥኩ።

ወርክሾፑ ውስጥ ያገኘሁት ቀቢውን ብቻ ነው።

«የት ሄደ?»

ብሩሹን ከቆርቆሮው አፍ ላይ አስቀመጠ። «ደንበኛው መጥቶ ጮኸበት። ወደ ውስጥ ይከፈት ያለውን በር ወደ ውጭ ሠርቶለት። ማጠፊያውን ሁሉ ቆርጦ እንደገና ሊበይድ ነው። አንቺ ስልክ ስትዘጊበት እኔ ልሂድልህ ብዬ በግራ በኩል ያዝኩለት። መጀመሪያው ኮሪደር ላይ አስገደልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ።

ከቁርጥራጭ ብረቱ ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። እግሩ ሥር ሲጋራው ተረግጦ ተኝቷል።

«ግማሽ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «አጠፋሁት። ደግሞ አልጣፈጠኝም።»

አልጣፈጠኝም ሲል ልጮህበት ነበር። ማታ ማታ የልጄ ደረት ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የማዳምጠው እኔ ነኝ። ሲር ሲሩ ከጠፋ ገና ስምንት ቀኑ ነው።

«ዛሬ ቤት አልገባም» አለ። «ልብሴ ይሸታል። እናቴ ጋ አድራለሁ።»

ክንዱን ያዝኩት። «እናትህም ሳንባ አላቸው። ልብስ ይታጠባል፤ ተነስ» አልኩት።

ቤት ስንደርስ ከግቢው ቧንቧ አላለፈም። ሳሙናና ቅያሪ አወጣሁለት፤ ታጠበ፣ ለወጠ። ልጅቷ በመስኮቱ መስታወቱን እየደበደበች «አባ! አባ!» ትላለች፤ እሱ ከውጭ ፊቱን እያጣመመ ያስቃታል። ግማሹ ሲጋራ ግን ሐራራውን ጭራሽ ቀስቅሶበታል።

ስልኩን ሰጠኝ። አልተቀበልኩትም። ባልዲ በአፉ ደፋሁና ላዩ ላይ እንዲያጋድመው አደረግኩ። «አውራ ጣትህን ተወው። በትንሿ ጣትህ ሂድ፤ እሷ አልተቃጠለችም።»

«በትንሿ ጣት ማን ይሄዳል?»

«አንተ።»

ይህን ከመጀመሪያው ለምን እንዳላሰብን አውቃለሁ፤ አብሮ መጫወቱ ጥሞን ነው። አሁን ግን እጄን ከጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ፤ ለምዶበት ይዘረጋላ! ስልኩ ባልዲው ላይ ይንሸራተታል፤ ትንሿ ጣቱ እንደ ሰከረ ሰው ትወላገዳለች። ሞተ። ደግሞ ሞተ። «ወደ ጎን!» ብዬ ስጮህ «ዝም በይ፣ እኔ ነኝ የምሄደው!» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ስልኬ አልጠራም። እስከ ምሳ አልጠራም፤ ከምሳ በኋላም። ዝምታው የትኛው ዝምታ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ልደውል አልኩ፣ ተውኩት። ደግሞ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ገደማ መልእክት ገባ፦ «ቀዩ በር ደርሻለሁ። ብቻዬን። ሰባት ጊዜ ሞቼ።»

ማታ ሲገባ ልጅቷ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ጃኬቱን ልሰቅልለት ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አፍንጫዬን ከአንገትጌው ውስጥ ከተትኩ። የተቃጠለ ብረት ብቻ ነው የሸተተኝ። አላፍርበትም፤ ነገም አሸተዋለሁ።