አባቴ ጓደኛውን የፈለገባቸው ወደቦች

አባቴ ጀልባዋን የገዛው ታክሲ መንዳት ባቆመ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰባት ሜትር የምትሆን፣ ነጭ ቀለሟ የተላላጠ፣ ከኋላዋ አንድ ሞተር የተገጠመላት አሮጌ ጀልባ ነበረች። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለው ሳን ፔድሮ ወደብ ውስጥ ከብዙ መሰሎቿ ጋር ታስራ ትውላለች። እናቴ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ስላላት፣ ጡረታ ሲወጣ ከጎኔ ይቀመጥልኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ጠዋት ሱቁን ይከፍትላትና፣ ጆንያዎቹን ያስገባላትና ወደ ጀልባዋ ይነዳል። ዓሣ አያጠምድም፣ ሰውም አይጋብዝም። ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጠዋል፣ ያጠፋዋል፣ ገመዱን ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። አንዳንዴ ከወደቡ አፍ ድረስ ወጥቶ ይመለሳል።

ወጣትነቱን ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ እንዳሳለፈ አውቅ ነበር። ከዚያ በላይ የነገረን ነገር የለም። እኔ በአሥር ዓመቴ ከእናቴ ጋር ሎስ አንጀለስ ስገባ፣ ኤርፖርት የተቀበለን ሰው ለእኔ እንግዳ ነበር። ልጠይቀው የምችልበት ዕድሜ ላይ ስደርስ ደግሞ አለመጠየቁን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ እናቴን ላግዝ ሱቅ ነበርኩ። ከሰሜን ካሉት ወደቦች ዓሣ እየጫነ ለሬስቶራንቶች የሚያደርስ አንድ ሐበሻ ሾፌር አለ፤ የእናቴ ደንበኛ ነው። በርበሬውን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል አባቴን አየው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባሕር ኃይል ነበሩ አይደል?» አለው። «እዚያ ሰሜን፣ ወደቦቹ ላይ አንድ ሽማግሌ ሐበሻ አለ አሉ። የአጥማጆቹን ሞተር ይጠግናል። ምፅዋ ባሕር ላይ ነበርኩ ይላል አሉ።»

«የትኛው ወደብ ነው?»

«ኦክስናርድ ይሁን ቬንቹራ፣ ወይ ሳንታ ባርባራ... ሹር አይደለሁም። የነገረኝ በረዶ የሚጭንልኝ ሜክሲካዊ ነው። እኔ ሰውየውን አላየሁትም።»

አባቴ ይዞት የነበረውን የሽሮ ከረጢት መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ስፈልገው ከሱቁ ጀርባ፣ ፓርክ ያደረገው መኪና ውስጥ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሞተሩ አልተነሳም። ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ከምናምን ሳይነግረን የኖረውን ያን ጊዜ ነገረኝ።

አንድ ጀልባ ላይ አብሮት የሚሠራ የሞተር ሰው ነበር። ሦስት ዓመት አንዱ ከላይ አንዱ ከታች አልጋ ተኝተዋል። ምፅዋ በአማፅያኑ በተያዘች ጊዜ፣ ከተማው እየነደደ፣ ወደ ደሴቶቹ ሊወጡ ሲሉ አባቴ ውሃ እንደሌላቸው አየ። በማዕረግ ይበልጠዋል። «ሁለት ጀሪካን ውሃ አምጣ» ብሎ ላከው። ጓደኛው ጀሪካኖቹን አንጠልጥሎ በጀልባ ማቆሚያው ላይ ሮጠ። ወዲያው አዛዡ ገመዱ ይፈታ አለ።

«ሰው ይቀረናል አልኩት» አለኝ አባቴ። «ፍታ አለኝ። ፈታሁ።»

እጆቹን ከመሪው ላይ አነሳ።

«እስከ ዛሬ ሞቷል ያለኝ ሰው የለም» አለ።

«ኦኬ፣ ነገ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ» አልኩት። «ሳንታ ባርባራ እንኳ ቢሆን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።»

«በመኪና አይደለም። በጀልባ ጥዬው ሄጄ በመኪና መጥቼ ሰላም ልለው አልችልም። በባሕር ነው የምመጣለት።»

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። «ብቻውን አይሄድም» ብላ እኔን አየችኝ። ሆስፒታል ራጅ አንሺ ነኝ፤ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ዋና አልችልም። ይህን አባቴም ያውቃል፤ ላይፍ ጃኬቱን ራሱ አስሮልኝ፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ አየው።

በሰኔ መጀመሪያ ወጣን። በዚያ ወር የዚህ ባሕር ዳርቻ ፀሐይ አያይም፤ ጉሙ ከውሃው ላይ ተነስቶ እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ገና የወደቡን አፍ እንዳለፍን የጀልባዋ አፍንጫ ራሱ ደበዘዘብኝ። ውሃው ግራጫ፣ አየሩ ግራጫ፣ የአባቴ ጃኬት ግራጫ። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ይነዳል፤ በየጥቂት ደቂቃው ያጠፋውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። የእኔ ሥራ የአየር ጥሩምባውን መንፋት ነበር።

«አሁን ንፊ» ይለኛል። «በቃ። ዝም በይ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። አጭር፣ ደረቅ፣ የማያጠራጥር ድምፅ ነው። አንዴ ከግራ በኩል የትልቅ መርከብ ጥሩምባ አጓራ፤ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። አባቴ መሪውን አዞረ፣ ጠበቀ። መርከቡን ሳናየው የገፋው ማዕበል ብቻ መጥቶ ከፍ አድርጎን አለፈ። እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጬ ስይዝ እሱ ሰዓቱን እያየ ነበር። ይህ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከሆሊውድ ሆቴሎች ሰው ሲያመላልስ የት ተደብቆ ነበር አልኩ ለራሴ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ማሪና ዴል ሬይ ጀልባዋ ውስጥ አደርን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኦክስናርድ ደረስን። ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱት ትልልቅ ጀልባዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ጥቋቁር መረቦች እንደ ኮረብታ ተከምረዋል፤ የባሕር አንበሶች ተንሳፋፊው መድረክ ላይ ተጋድመው ይጮኻሉ። አባቴ መረብ ወደሚጠግኑት ሰዎች ሄዶ በታክሲ እንግሊዝኛው ጠየቀ። ፎቶ የለውም። ስለዚህ ሰውየውን በቃል ይስላል፦ ቀይ ነው፣ ረጅም ነው፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ሲሄድ ይፈጥናል። የሚስለው የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያ ሰው በሕይወት ካለ ስድሳን አልፏል ልለው አስቤ ተውኩት። ሰዎቹ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቬንቹራ ቅርብ ነው፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ገባን። በረዶ በቧንቧ ወደ ጀልባዎቹ የሚለቅ ሰው አባቴን ገና ሲያየው፣ «እንዳንተ ያለ ሽማግሌ ነበር እዚህ» አለ። «ጎበዝ መካኒክ። ሳንታ ባርባራ ሄዷል። ጀልባው ላይ ነው የሚኖረው።»

አባቴ አመሰገነው። ከዚያ ወደብ ውስጥ ወዳለው መታጠቢያ ቤት ሄዶ ጢሙን ተላጨ። ይዞ መምጣቱን ያላወቅሁትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። አገጩ ላይ ቆርጦታል።

«ነገ ነው እኮ የምንደርሰው» አልኩት።

«ነገ ጊዜ ላይኖረን ይችላል» አለ። በዚያ ጉዞ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም እንደምናገኘው ያን ጊዜ አመንኩ። እስከዚያ ድረስ የሄድኩት ለእሱ ብዬ ነበር።

አራተኛው ቀን ጉሙ ከሁሉም የባሰ ነበር። በስልኬ ካርታ እየመራሁት ከሁለት ሰዓት በላይ እንደሄድን በቀኝ በኩል ማዕበል ድንጋይ ሲመታ ሰማን፤ በጣም ቀርቦናል። አባቴ ስልኩን ከእጄ ቀምቶ ኪሱ ከተተና በጆሮው እየሰማ አወጣን። ሳንታ ባርባራ የገባነው እኩለ ቀን አልፎ ነው።

መካኒኩ ያለበትን ጠይቀን ጠቆሙን፤ ከመጨረሻው ረድፍ፣ አንዲት አረንጓዴ የእንጨት ጀልባ። ከላይዋ አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶን የሞተር ክዳን ላይ አጎንብሷል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። አባቴ ሞተሩን አጠፋ፤ ጀልባችን በራሷ እየተንሳፈፈች ቀረበች። የጓደኛውን ስም ጠራ። ጮክ ብሎ አልነበረም። ደግሞ ጠራ።

ሰውየው ዞረ። እኔ የጓደኛውን መልክ አላውቅም፤ የአባቴን ግን አውቃለሁ። ፊቱን አይቼ ነው ያወቅሁት። እሱ አይደለም።

«ሐበሻ ናችሁ?» አለ ሰውየው፣ ትግርኛ በተጫነው አማርኛ። ገመዳችንን ተቀብሎ አሰረልን፤ እኔን ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጠን። አባቴ ሳይጠጣ በእጁ ያዘው።

«ምፅዋ ነበርክ አሉኝ» አለ አባቴ።

«ነበርኩ።»

«የትኛው ጀልባ ላይ?»

ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። «እናንተ ጋ አልነበርኩም» አለ። «ትንንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች ላይ ነበርኩ።»

ገባኝ። አባቴን ሲተኩሱበት ከነበሩት አንዱ ነው። አባቴ ግን ያ ነገር ጨርሶ ያልነካው መሰለ፤ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ጀልባ ማቆሚያው ላይ የቀሩትን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን ሆኑ?»

«አንዳንዱ ተማረከ። አንዳንዱ ባሕር ገባ። የሄዱትን ጀልባዎች በዋና ሊደርስባቸው።»

«አወጣችኋቸው?»

«የቻልነውን» አለና ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። «ብዙ አልቻልንም።»

«ቀይ፣ ረጅም፣ ጥርሱ ፍንጭት። ሁለት ጀሪካን ይዞ ነበር። ሰማያዊ የሥራ ልብስ—»

«ወንድሜ» አለ ሰውየው፣ በዝግታ፣ «እኔ ፊት አላስታውስም። የገዛ ወንድሜም እዚያው ነው የቀረ፣ የእሱንም ፊት አላስታውሰውም። እንዳላስታውስ ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።»

 ሦስታችንም ተቀምጠን ውሃውን አየን። ሰውየው ተነስቶ የሞተራችንን ክዳን ከፈተ፤ ስንገባ ድምፁ አላማረኝም አለ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር። ከራሱ ዕቃ አንድ አሮጌ አውጥቶ ገጠመልን። አባቴ መፍቻ ያቀብለዋል፤ የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ያውቃል።  ስንሰናበት ተጨባበጡ። ስልክ አልተለዋወጡም፤ እኔም ልጠይቅ አላሰብኩም።

ስንመለስ አባቴ መሪውን ለእኔ ሰጠኝና ከኋላ ተቀመጠ። እስከ ቬንቹራ ድረስ አንዴም ሞተሩን አጥፊና እናዳምጥ አላለኝም።

«አባዬ፣ ጥሩምባውን ንፋ» አልኩት።

አልነፋም። አንድ እጄ መሪው ላይ፣ በአንድ እጄ ራሴ እየነፋሁ ሄድኩ። ፈርቼ አለቀስኩ፤ አየኝና ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ቬንቹራ ገብተን ጀልባዋን ስናስር፣ «ከዚህ በኋላ በመኪና እንሂድ» አለ። እናቴ መጥታ ወሰደችን። መንገዱን ሁሉ ስለ ሱቁ አወራችለት፤ የጤፍ ጭነት እንደዘገየ፣ የማቀዝቀዣው በር እንደላላ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ደወለ። የጓደኛው ታላቅ እህት እዚያ አለች፤ ከአሜሪካ ሆኖ በየፋሲካው ይደውልላት ነበር፣ እስካሁን እየፈለግሁት ነው ይላት ነበር። ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎታል፤ ማዕድ ቤት ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር» አላት። «እሱ አይደለም። ባሕር ገብቶ ሊሆን ይችላል።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። 

«የኔ ወንድም» አለች። «እኛ ተስካሩን ያወጣነው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። እናቴ በሕይወት እያለች። እዚያው ከእሱ ጋር ቀርቶ የተማረከ ልጅ ተፈትቶ መጥቶ፣ ሲሰምጥ አይቼዋለሁ ብሎ ነግሮናል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ በየዓመቱ እየደወልክ እፈልገዋለሁ ስትል እንዴት አድርጌ? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የሚጠብቀው ሰው እንኳ አለው እል ነበር።»

አባቴ ይቅርታ ጠየቃት። ጀሪካኖቹን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም ነገራት። እሷም ይቅር አለችው፤ ደጋግማ ይቅር አለችው፣ አምላክም ይቅር ይበልህ አለችው። ስልኩን ሲዘጋ ግን ፊቱ ላይ የቀለለው ነገር አላየሁም። ሠላሳ ዓመት ያህል የፈለገው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ አልነበረም።

ቬንቹራ ያሰርናትን ጀልባ ሄዶ ሊያያት አልፈለገም። የወደቡ ሰዎች የማቆሚያ ክፈሉ ብለው ደብዳቤ ሲልኩ እኔ ሄጄ ለሚፈልጋት አስረከብኳት። አሁን ጠዋት ሱቁን ከፍቶ እዚያው እናቴ አጠገብ ይቀመጣል። እናቴ ጸሎቷ የተሰማላት ነበር የሚመስለኝ፤ አንድ ቀን ግን ጓዳ ጠርታኝ፣ «እስቲ የሆነ ቦታ ውሰጂው» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም።»

ለጓደኛው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እናስደርግለት ብዬ ጠየቅሁት። ቤተሰቦቹ አድርገውለታል አለ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እኔ ነኝ የምነዳው። አንድ ቀን ይሻለው እንደሆን ብዬ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ልወስደው አሰብኩና ወደዚያ ታጠፍኩ። ጉም አልነበረም፤ ውሃው ከሩቅ ያበራ ነበር።

«በፍሪዌይ ሂጂ» አለኝ።

መኪናዋን አዙሬ ባሕሩ በማይታይበት ፍሪዌይ ሄድኩ።