ለጎደለው ወገን የሚቆሙት ወንድሜ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታላቅ ወንድሜ የገና ጨዋታ ሳይጀመር ሁለቱንም ወገን ይቆጥሩ ነበር። አንድ ሰው የጎደለበት ካለ፣ ሰፈራቸው ባይሆንም ሄደው ይገቡለታል።

አምና ጉልበታቸው አብጦ፣ ሐኪም እንዳይሮጡ ከልክሏቸው ሳለ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ታች ሰፈሮች ተሻገሩ። የእኛ የላይ ሰፈር አለቃ የገዛ ልጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰፈርዎን ከዱ? ደግሞ በዚህ ጉልበትዎ!» ብሎ ሳቀባቸው።

«የታመመው ጉልበቴ ነው፤ መቁጠር መች አቃተኝ? አንድ ሰው ጎድሏቸዋል» አሉት። ሩሯን አንዴም በዱላቸው ሳይነኩ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሙላቸው።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም። ታች ሰፈሮች ደግሞ በአንድ ሰው አነሱ።

«አንድ ሰው ይሻገር እንጂ!» ብዬ ከሜዳው ዳር ጮኽሁ።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ ልጄ።

እንዲያው ተጫወቱና የእኛ ሰፈር አሸነፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ እየጨፈረ ወደ እኔ ሲመጣ፣ «አጎትህ ቢኖሩ ዛሬ ለማን ይቆሙ ነበር?» አልሁት።

«ለታች ሰፈሮች» አለኝና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በቀብራቸው ቀን እንኳ «ወንድ ነኝ» ብሎ እንባውን ውጦ የነበረው ልጄ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።