ድመት የሌለችበት ግርግም

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ክረምቱ አልወጣም ነበር። ፈረሴ ገብሱን አልበላ ብሎ መሬቱን በኮቴው ይደበድባል። ሊሞትብኝ ነው ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ሆዱን ብዳብስ፣ አፉን ከፍቼ ባይ ምንም የለበትም። እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ።

“ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ከፈረሱ ይልቅ አንተ አዞርከኝ!” አለች ባለቤቴ።

ወደ ግርግሙ ሳይ ሁልጊዜ እዚያ የምትተኛዋ ድመታችን የለችም።

“ድመቷስ?”

“ጎረቤታችን አይጥ አስቸገረኝ ብትል አዋስኳት።”

ጎረቤታችን ሰኞ ገበያ እህል ትሸጣለች። እየተጣደፍኩ ሄጄ ነገርኳት።

“ወላሂ ጋሼ፣ ፈረስዎ ድመት አገባ እንዴ?” ብላ ሳቀች። ግን ሱቋን ዘግታ፣ ድመቷን በሻሿ ጠቅልላ እስከ ጋጣው አብራኝ መጣች። ፈረሱ ድመቷን አሸተታትና ገብሱን ጀመረ። ያን ቀን ያሳረፈችኝ ያቺ እህል ሻጭ ጎረቤቴ ናት።