የጥፍሩ ቦታ

እስር ቤቱ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዐይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ የሚያንጠባጥብ እንስራ ነበር። ከእንስራው አጠገብ፣ እርጥቡ መሬት ላይ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ጋምቤላ ክልል ከተባለ ገና ብዙም አልቆየም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሬ ወጥቼ ከተማው ውስጥ ሳይንስ አስተምር ነበር። የአንዲት ተማሪዬ ሽማግሌ አጎት ጎግ አካባቢ፣ ወንዝ ዳር፣ ትልልቅ አጥንት እንዳለ ነገሩኝና አንድ ቅዳሜ ወስደው አሳዩኝ። የጉማሬ አጥንት ነበር። ባዶ እጄን ላለመመለስ ወንዙን፣ የአፈሩን ድርብርብ፣ የሄድንበትን መንገድ በደብተሬ ሣልኩ። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ። እኔን ስመለስ ኬላ ላይ ፈተሹኝ። ካርታ ነው ተባለ።

መርማሪው ደብተሩን ሲያገላብጥ ከቆየ በኋላ ከመጽሐፍ ከገለበጥኳቸው ሥዕሎች አንዱ ላይ ጣቱን አኖረ።

«ይሄስ?»

«ጥፍር ነው።»

«የምን ጥፍር?»

«የዳይኖሰር። ትንሽ፣ ሥጋ በል።»

«የት ነው ያለው?»

«ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«ሰው ከመፈጠሩ በፊት።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። መርማሪው አልሳቀም። ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«እሺ፣ የጠፋውን ተዪው። ያልጠፋውን ጻፊ። ወንዝ ዳር የወሰደሽን ሰው ስም። ከጻፍሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ስሙን ብጽፍ ማታውኑ ሊያመጧቸው እንደሚሄዱ አውቅ ነበር።

በዚያ ቀን ከሴትዮዋ ጋር አልተነጋገርኩም። በተፈጥሮዬም ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ተማሪዎች «ቲቸር፣ አይሰማም!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ዝም ያልኩት ግን በዚያ ብቻ አልነበረም። ወሬ እንዲያወጣጡኝ የተቀመጡ ቢሆንስ ብዬ ጠርጥሬአቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ድንገት ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ዱብ ሲል ብድግ አልኩ።

«ማንጎ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ማንጎ ሰው አያስርም። ተቀመጪ።»

ጠዋት እሳቸው ጀመሩ።

«አስተማሪ፣ ምን ሰረቅሽ?»

«ምንም። ጥፍር ሣልኩ።»

ከልባቸው ሳቁ። አኙዋ ናቸው፤ ገበያ ላይ እንስራ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ባልሽ ድንበር ተሻግሯል፣ እስኪመለስ እዚህ ቆዪ ተብለው ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ።

«ጥፍሩን አሳዪኝ።»

ደብተሬ ስለተወሰደ እርጥቡ መሬት ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው፤ የተቆለመመ፣ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ። ደቡብ አሜሪካ እንደተገኘ ነገርኳቸው። ህንድ አገርም ዘመዶች አሉት፣ እኛም አህጉር ሳይኖሩት አይቀርም፤ ያኔ መሬቱ አንድ ነበር አልኳቸው።

«አሁን መሀሉ ባሕር ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ዘመድ ግን ዘመድ ነው።» ወደ በሩ አዩ። «የኔም ሰውዬ ከውሃ ማዶ ነው።»

ከእንስራው ሥር ጭቃ ቆንጥረው ማሸት ጀመሩ። ቁመቱ እንደ ፍየል፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ጅራቱ ረጅም እያልኩ ነገርኳቸው። በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ጫን ሲያደርጉት ጀርባ ሆነ። የጣት ርዝመት ያለው እንስሳ መዳፋቸው ላይ ቆመ። ከጭቃ ጥፍር ሠርተው፣ እንደነገርኳቸው እግሩ ላይ አደረጉለትና አዩት። መልሰው ነቀሉት።

«ይሄ የእግር አይደለም።»

«መጽሐፉ የእግር ነው ይላል።»

«መጽሐፉ የዶሮ እግር ይዞ ያውቃል?»

መሬት ላይ የሣልኩትን እንደገና አየሁት።

«የእግር ጥፍር ከሥሩ መሬት ይበላዋል። ይሄ ጉድጓድ አለው። መሬት ረግጦ አያውቅም። ለመያዝ ነው፤ የእጅ ነው።»

«የተማሩ ሰዎች እኮ ናቸው የጻፉት፣ እማማ።»

«ይሁን» አሉና ጥፍሩን እጁ ላይ ለጠፉት።

ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። አጠገቤ ሰው ስላገኘሁ አፌ ተፈታ። ወደ ሽማግሌው ስደርስ ጭቃ በነካው እጃቸው አፌን ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም።

«ስሙን አትንገሪኝ። እኔም ሰው ነኝ። ከመቱኝ እናገራለሁ።»

ጥርጣሬዬ እዚያው አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ ነገር አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«አልጽፍም።»

የኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ ነበር። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩና እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሌላውን አሁን አልጽፈውም። አንድ ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ «ውጪ» ተባልኩ። እማማ የደረቀውን እንስሳ አንስተው እጁን ከነጥፍሩ ቀጭ አድርገው ሰበሩት።

«ሙሉውን ይቀሙሻል። ይሄን አያዩትም።»

ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ስወጣ ሽማግሌው በደህና በቤታቸው ነበሩ። እማማን ግን ደጋግሜ ፈለግኋቸው። ተፈተው ባላቸው ወዳለበት ማዶ ተሻግረዋል ሲሉ ገበያ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ነገሩኝ። ከዓመታት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ተመራማሪዎች ያን ጥፍር እንደገና መርምረው የእግር ሳይሆን የእጅ መሆኑን እንደደረሱበት አነበብኩ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የምነግራቸው እማማ ከወንዝ ማዶ ናቸው።

ጭቃው እሳት ስላልነካው ውሃ ካገኘው ይሟሟል። በክብሪት ቀፎ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ክረምት ሲገባም የቤቴ ጣሪያ ከሚያፈስበት ጥግ አርቀዋለሁ። በየዓመቱ አንድ ቀን ለተማሪዎቼ አሳያቸውና የጥፍሩ ቦታ የት ይመስላችኋል እላለሁ። አብዛኞቹ እግሩ ላይ ነው ይላሉ። አላርማቸውም። የዶሮ እግር ይዘው ያውቁ እንደሆነ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ።