ከዓረብ አገር የመጣው ካርቶን

እህቴ ከዓረብ አገር የተመለሰችው አንገቷን ታማ ነው። እዚያ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አንዲት አሮጊት ስታነሣና ስታገላብጥ ዓመታት ቆይታለች። ደብረ ታቦር ስትገባ ያገኛት ሁሉ «ወፈርሽ፣ ቀላሽ» አላት እንጂ አንገትሽን ምን ነካው ያላት አልነበረም። እኔም ብሆን ያወቅሁት፣ ጎረቤት ከኋላዋ ሲጠራት አንገቷን ማዞር አቅቷት በመላ አካላቷ ስትዞር አይቼ ነው።

በዚያ ክረምት ከተማችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር የሚጽፍ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፈተናው የጽሕፈት ፍጥነት ነበር። እህቴ ይዛው የመጣችው ላፕቶፕ ስላለ ወዲያው መለማመድ ጀመረች። የቤታችን ጠረጴዛ ግን አጭር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ ትጽፍና ትንሽ ቆይታ ፊቷ ይለዋወጣል። ከዚያ ላፕቶፑን ከድና ጋደም ትላለች። አንድ ቀን እናታችን ገበያ ሄዳ ሳለ፣ «ወንድምዓለም፣ ይኼ ሥራ ካልሆነልኝ መስከረም ሲጠባ ተመልሼ እሄዳለሁ። ደላላው ደውሎልኛል። ለእማ እንዳትነግራት» አለችኝ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የከፋውን ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ አፌ ይተሳሰራል። እጄ ግን ሥራ አይጠላም። አንገቷን ማዳን ባልችል ላፕቶፑን ከፍ ማድረግ አያቅተኝም ብዬ ከሱቅ የፓስታ ካርቶን ለምኜ አመጣሁ። ላፕቶፑ ከፍ ሲል መጻፉ እንዳያስቸግራት ደግሞ ከትምህርት ቤት የተጣለ ኪቦርድ አገኘሁላት፤ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ካልመቱት አይወጣም እንጂ ይሠራል።

የጨነቀኝ ሙጫው ነበር። እናቴ ሰምታ፣ «ምነው፣ ዱቄት እያለ ሙጫ ምን ይሠራልሃል!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ጋዜጣ ሁሉ የተለጠፈው እሷ ባበሰለችው የዱቄት ልጥፍ ነው። ያን ቀንም አገነፋችልኝ። ካርቶኑን ደራርበን ለጥፈን፣ ከኋላው ከፍ ከፊቱ ዝቅ ያለ የላፕቶፕ መቆሚያ ሠራን። ግን ክረምት ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ምን ያደርቃል? ከሰል ማንደጃው አጠገብ እያገላበጥን እንደምንም አደረቅነው።

እህቴ ላፕቶፑን ላዩ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሳታጎነብስ ስክሪኑ ፊት ለፊቷ ሆነ። መጻፍ ጀመረች፤ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሷ ትጽፋለች። «አንገቴን ረሳሁት እኮ!» አለች። እኔ ትልቅ ድልድይ የገነባሁ ይመስል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጠዋት ስንነሣ መቆሚያው በአንድ ጎኑ ተንበርክኳል። አይጥ የዱቄቱ ሽታ ስቧት መጥታ እስኪበቃት በልታዋለች። እንግዲህ እኛ ሰፈር አይጥ ዱቄት እንደምትወድ የማያውቅ አለ? እኛ ግን ድግስ ደግሰንላት ላዩ ላይ ላፕቶፕ አስቀመጥንበት። እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እህቴ አልሳቀችም። እንደገና ማጎንበስ ጀመረች፤ ከሁለት ቀን በኋላም ልምምዱን ተወችው።

ያለ ሙጫ፣ እርስ በርሱ ተሰካክቶ የሚቆም መሥራት እንደሚቻል አሰብኩ። ለዚያ ግን የፓስታ ካርቶን አይሆንም፤ ወፍራም ይፈልጋል። ቤታችን ውስጥ ያለው ወፍራም ካርቶን ደግሞ አንድ ነው፤ እህቴ ዕቃዋን ይዛበት የመጣችው። ከነገመዱ ተጣጥፎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ላወርደው እጄን ስሰድ፣ «እሱን ተወው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ስትመለስ ዕቃዋን ልትይዝበት እንደሆነ ገባኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ገና ሳትፈተን ልቧ ሄዷል ማለት ነው። ቆይቼ ግን አሳዘነችኝ። እዚያ ምን እንደሚጠብቃት ከእኔ ይልቅ አንገቷ ያውቀዋል።

ፍልሰታ ገባ። እናታችን በየቀኑ ቅዳሴ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ እህቴን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን ወፍራም ካርቶን ዘርግታ በወጥ ቤት ቢላዋ ትቆርጣለች።

«መስመር አስምርልኝ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ።

አሰመርኩላት፤ ቆረጠች። ሁለት እግርና ሁለት ማገር አወጣን፤ ጫፍ ጫፋቸውን ሸርክተን ሰካካናቸው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ፈተናው ባይሳካስ?» አልኳት።

«ሌላ እፈልጋለኋ። በዚህ አንገት ከእንግዲህ የሰው እናት አላነሣም።»

እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ቁም ሣጥኑን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ቀና ብላ የምትጽፈውን ልጇን አየች።

«እንግዲህ ዕቃሽን በምን ልትይዢ ነው?» አለች።

ከእህቴ ጋር ተያየን። እኔ አልነገርኳትም፤ እህቴም አልነገረቻትም። ለካ ስታውቅ ነው የኖረችው።

«የት ልሄድ፣ እማ» አለች እህቴ።

እናቴ እህል እንኳ ሳትቀምስ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ቁርጥራጩን መልቀም ጀመረች። አንዱ ላይ የእህቴ ስም፣ ሌላው ላይ የዚያ አገር ከተማ ስም በወፍራም ማርከር ተጽፏል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሁለቱን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ስሟ ያለው የትኛው ነው?»

አሳየኋት። እሱን ተቀብላ ትራሷ ሥር አስገባችው። የቀረውን ሁሉ ሰብስባ ከሰሉን አቀጣጠለችበት።